ፓነል ከመስቀል በፊት፦ የአንድ ሶላር ፕሮግራም የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ፕሮግራሙ የመንግሥት ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤቶች አነስተኛ የሶላር ሲስተም በድጎማ ያቀርባል። 50 ዋት ፓነል፣ ባትሪ፣ ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን መሙላትና መውረድ የሚቆጣጠር ክፍል)፣ ሁለት የኤልኢዲ አምፖሎችና የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ አለው። ከፊሉን ድጎማው ይሸፍናል፣ ቀሪው በየወሩ ይከፈላል። ዕቃው መጋዘን ከገባ ቆይቷል። ተመዝጋቢው ግን ጥቂት ነው።

የኛ ቡድን ሥራ ሕዝቡ ጋ መድረስ ነው። አንድ ኤሌክትሪሺያን፣ አንዲት መምህርት፣ አንዲት የጤና ባለሙያና እኔ ነን። የተሰጠን በራሪ ወረቀት፣ የድምፅ ማጉያና የመመዝገቢያ ቅጽ ነው። የበጀቱ ትልቁ ክፍል ለዕቃ ተመድቧል። ለሕዝብ ግንኙነት የተያዘው የኅትመት ገንዘብ ብቻ ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልጻፈው። ሕዝቡ ጋ መድረስ ከፓነሉና ከባትሪው እኩል የሲስተሙ አካል ነው። ሽቦ ሲጎድል መብራት እንደማይበራ ሁሉ፣ ይህ ሥራ ሲጎድልም ዕቃው መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ወይም ከወጣ በኋላ ጣሪያ ላይ ሞቶ ይቀመጣል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ለሚቀጥለው ፕሮግራም መጥፎ ስም ትቶ ያልፋል።

መዝገቡን ማገላበጥ

ወደ ሰፈሩ ከመውጣታችን በፊት መዝገቡን አገላበጥን። ስንት ሰው እንደተመዘገበ ቢሮው ያውቀዋል። እኛ የፈለግነው ማን እንደሌለበት ነው።

የታተመ ካርታ ግድግዳ ላይ ለጥፈን በተመዘገበ ቤት ሁሉ ላይ ነጥብ አደረግን። ነጥቦቹ በቢሮው ዙሪያና በዋናው መንገድ ዳር ተሰባሰቡ። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ይሳሳሉ። ተከራይ የለም። በሴት ስም የተመዘገበ ቤት በጣት የሚቆጠር ነው።

ደንቡ «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል» ይላል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ወሬው ራሱ ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። ቢሮ የሚመላለስ ሰው ቀድሞ ይሰማል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውል፣ ማንበብ የማይችል፣ ቢሮ ውስጥ የሚያውቀው የሌለ ሰው ኮታው ካለቀ በኋላ ይሰማል። እንዲህ ከሆነ የሕዝብ ገንዘብ የሚሄደው ብዙም ላልቸገረው ነው።

ስለዚህ ለቢሮው የመጀመሪያ ጥያቄያችን ይህ ሆነ፦ ነጥብ ላላረፈባቸው ክፍሎች ከኮታው ላይ ድርሻ ይያዝላቸው። ካርታውን ይዘን ሄድን። ከወረቀት ሪፖርት ይልቅ ካርታው ሠራልን። ተስማሙ።

ጥያቄ መሰብሰብ

በራሪ ወረቀቱን ለጊዜው አስቀመጥነው። ደብተር ብቻ ይዘን ቤት ለቤት ዞርን። መጠይቅ አላዘጋጀንም። «ሶላር ሲባል ምን ትዝ ይልዎታል?» ብለን እንጀምራለን። ከዚያ ዝም ብለን እንጽፋለን። የራሳችንን ማብራሪያ ለሌላ ጊዜ ማቆየት ከባድ ነው፣ በተለይ መልሱን ለሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን። ግን ቶሎ መልስ ስንሰጥ ሰዉ መጠየቁን ያቆማል።

ደብተሩ ላይ በብዛት የተደጋገሙት እነዚህ ናቸው። ባትሪው ሲሞት ማን ይቀይርልናል? ቢሰረቅ ዕዳው ይቀጥላል? ዋናው መስመር ሲገባ ይሄ ምን ይሆናል? ስፈርም ቤቴን አስይዤ ነው? ምግብ ያበስላል? ባለቤቴ የለም፣ እኔ ብቻዬን መፈረም እችላለሁ?

በራሪ ወረቀቱ ከነዚህ ውስጥ አንዱንም አይመልስም። እሱ የሚያወራው ስለ አየር ንብረትና ስለ ታዳሽ ኃይል ጥቅም ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሰዉ ግን የጠየቀው ስለ ዕዳና ስለ ጥገና ነው።

አንዲት እናት ደብተሩን እያዩ «ልጄ፣ የኔ ቤት አንድ አለ፣ አይበራም» አሉኝ። «ካለፈው ጊዜ ነው። መጀመሪያ እሱን አብሩልኝና ስለ አዲሱ እናወራለን።»

«እሺ እማማ፣ ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው። ጎረቤቶቻቸውም የሞተ ሲስተም ነበራቸው። ያለፈው እደላ ትቶት የሄደው ነው። አዲሱን ማንም ያልፈለገበት ምክንያት ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

የሞቱትን ማንሳት

ምዝገባውን አቁመን ጥገና ጀመርን። ቢሮው መጀመሪያ አልወደደውም። ያለፈው እደላ የነሱ ኃላፊነት አልነበረም፣ ልክ ናቸው። ሕዝቡ ግን ፕሮግራሞችን ለይቶ አያውቅም። ለሱ ሁሉም «የሶላር ሰዎች» ነን። ብዙ ደብዳቤ ከተጻጻፍን በኋላ የኅትመቱን ገንዘብ ከፊል ወደ ፊውዝ፣ ሽቦና ማገናኛ ማዛወር ተፈቀደልን።

የያዝነው መሣሪያ፦ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ የተለያየ መጠን ፊውዝ፣ የባትሪ ውሃ፣ ጨርቅና መሰላል። ለአሲዱ ጓንትና መነጽር።

ፓነሎቹን ስንለካ አብዛኞቹ ደህና ናቸው። ባለ 36 ሴል ፓነል በጠራ ፀሐይ፣ ምንም ሳይጫንበት፣ 21 ቮልት አካባቢ ያሳያል። እነዚህም አሳዩ። ጥቂቶቹ ላይ አቧራ ተጋግሯል። ሌሎቹ ላይ ደግሞ ሲተከሉ ትንሽ የነበረ ዛፍ አድጎ ጥላ ጥሎባቸዋል። ሴሎቹ በተከታታይ የታሰሩ ስለሆኑ አንድ ጥግ ላይ ያረፈ ጥላ የሌሎቹንም ጉልበት ይዞ ይወርዳል። ቅርንጫፍ በመቁረጥ ብቻ የተነሱ ሲስተሞች አሉ።

ዋናው ችግር ባትሪው ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ቮልት አካባቢ ነው። 12 ቮልት ላይ ሲወርድ የቀረው ሩብ ያህል ነው። በየጊዜው ከግማሽ በታች የሚወርድ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል። ባዶውን ከቆየ ውስጡ ሰልፌት ይጋገርና ቻርጅ መቀበል ይተዋል። እኛ ያገኘናቸው አብዛኞቹ እዚህ ደረጃ ላይ ደርሰዋል።

ለምን? ይህን ጥያቄ መከታተል ለኔ የዚህ ደረጃ ትልቁ ትርፍ ሆነ። ኮንትሮለሩ ባትሪው ሲወርድ መብራቱን ራሱ ይቆርጣል። ባትሪውን ለማዳን ነው። ይህን ግን ለባለቤቶቹ የነገራቸው አልነበረም። መብራቱ ሲጠፋ «ኮንትሮለሩ ተበላሸ» ብለው አወለቁት። አምፖሉን በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰሩት። መብራቱ ተመለሰ። ባትሪው እስከ መጨረሻው ተሟጠጠና ሞተ። ከነሱ አንጻር ያደረጉት ትክክል ነው። የማይሠራ የመሰላቸውን ክፍል አለፉት። በተከላው ቀን አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ማብራሪያ ቢሰጥ ኖሮ ከእነዚህ ባትሪዎች ብዙዎቹ ይተርፉ ነበር።

እዚህ ላይ የባንግላዴሽን ልምድ ለቢሮው ጽፈን ሰጠን። እዚያ በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቤት ሶላር ፕሮግራም ከ4 ሚሊዮን በላይ ሲስተም ተክሏል። ገንዘቡ የሚያልፈው መንግሥታዊ በሆነ የፋይናንስ ድርጅት በኩል ነበር። ሻጩና ተካዩ ግን መንደር ድረስ ሠራተኛ ያለው አጋር ድርጅት ነበር። ክፍያ ሊሰበስብ በየወሩ የሚመጣው ሠራተኛ ሲስተሙንም ያይ ነበር። እኛ የምንፈልገው ይህን ዓይነት ዓይን ነው።

ማሳያ ሳጥኑ

ቃል ብቻ ይዞ መሄድ እንደማይበቃ ደብተሩ ነግሮናል። ስለዚህ ለቤቶቹ የሚሰጠውን ሲስተም በሳጥን ሠራነው።

ሳጥኑ ከኮምፔንሳቶ ነው። ፊቱ ግልጽ ፕላስቲክ፣ ሽቦው ሁሉ የሚታይ። ውስጡ 12.8 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ፣ 10 አምፒር ኮንትሮለር፣ ፊውዞች፣ ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖሎችና ባትሪው ምን ያህል ዋት እየሰጠ እንደሆነ በትልቅ ቁጥር የሚያሳይ ሜትር አለ። ፓነሉ ለብቻው በእንጨት እግር ይቆማል። ቤቶቹ የማያገኙት አንድ ነገር ጨመርንበት፣ 150 ዋት ኢንቨርተር፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ግድግዳ ሶኬት ዓይነት የሚቀይር። ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ።

ሽቦዎቹን በሁለት ቀለም ብቻ አደረግን፣ ቀይና ጥቁር። በመጀመሪያው አሠራር ሳጥኑ የተዝረከረከ ሽቦ ስለነበረበት ሰዉ ማየት ሲያቅተው አየን። ፈተን በቀጥታ መስመር ዘረጋነው። አሁን ልጆች ሳይቀሩ በጣታቸው ከፓነሉ እስከ አምፖሉ ይከተሉታል።

ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ ነው የምንሠራው። 50 ዋት ፓነል በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 250 ዋት ሰዓት ነው፣ ዋቱ በሰዓቱ ተባዝቶ። ሙቀት፣ አቧራና ሽቦ የሚወስዱትን ቀንሰን 70 በመቶውን እንይዛለን፣ 175 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሁለት አምፖል ለ4 ሰዓት 40 ይበላል። ሁለት ስልክ 30። በቀጥታ ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ባለ 20 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት 60። ድምሩ 130 ነው። ይበቃል። ከዚያ ፓነሉን በጨርቅ እንሸፍነዋለን። ደመናማ ቀን ነው እንበል፣ ሲሦው ብቻ ቢገባ 60 እንኳ አይሞላም። «ዛሬ ምን ታስቀራላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። ክርክር ይነሳል። ቴሌቪዥኑን ማን እንደሚያጠፋው ሲከራከሩ ጭነት መመጠን ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ኢንቨርተሩ የመጣው ለካውያው ነው። የልብስ ካውያ 1000 ዋት አካባቢ ይፈልጋል። ሰዉ ፊት እንሰካዋለን። ኢንቨርተሩ ይጮኻል፣ ቀይ መብራት ያበራል፣ ይቆርጣል። ቢሮው ይህን ማሳያ ፈርቶት ነበር፣ የዕቃውን ድክመት ማሳየት መስሎት። እኔ ተቃራኒውን አየሁ። የማይችለውን በግልጽ ካሳየን በኋላ ስለሚችለው የምንናገረውን ሰዉ ማመን ጀመረ። ተስፋ አብዝቶ የሰጠ ፕሮግራም የሚከስረው ከተከላው በኋላ ነው።

ምግብ ያበስላል?

ይህ ጥያቄ ለብቻው ቦታ ይገባዋል። በየቤቱ ይነሳል፣ የሚያነሱት ደግሞ ጭሱን የሚተነፍሱት ናቸው።

መልሱ አጭር ነው። በ50 ዋት አይበስልም። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከ1000 ዋት በላይ ይፈልጋል። ይህን ብሎ መሄድ ግን ጥሩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እንደሞቱ ይገምታል። የጤና ባለሙያችን ይህን ክፍል ተረከበችው። ስለ ጭስ አወጣጥ፣ ስለ ተሻሻለ ምድጃና ስለ ደረቅ እንጨት ታስረዳለች። የምድጃ ፕሮግራሙ በሌላ ክፍል ሥር ነው። ስሞቹን ለብቻ እየመዘገብን ወደዚያ እንልካለን። ሰዉ ሁለት ቢሮ እንዲመላለስ ማድረግ አያስፈልግም።

የሕንድን የጋዝ ፕሮግራም ያነሳችውም እሷ ናት። በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2019 80 ሚሊዮን ቤቶች ጋ ደርሷል። የተመዘገበው በሴቶች ስም ነው። ስፋቱ ያስደንቃል። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ድሃ ቤቶች ሲሊንደሩን ደጋግመው ማስሞላት አልቻሉም። ወደ እንጨት የተመለሱ ነበሩ። ከዚህ በመነሳት በሪፖርታችን ላይ አንድ ዓምድ ጨመርን። «ስንት ተሰጠ» ከሚለው ጎን «ስንቱ ከስድስት ወር በኋላ ይሠራል» የሚል።

ስብሰባዎቹ

የመጀመሪያው ስብሰባ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። አደባባይ ላይ፣ በቀን። ንግግሩ ረዘመ። ጥያቄ የጠየቁት ፊት የተቀመጡት ጥቂት ወንዶች ናቸው። ሌላው አዳምጦ ሄደ። በዚያ ሳምንት ምዝገባው ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ሦስት ነገር ቀየርን። ሰዓቱን ወደ ማምሻ አዞርነው፣ አምፖል በጨለማ ነውና የሚታየው። ቦታውን ከአደባባይ ወደ ግቢ አወረድነው፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር። ሴቶች ብቻቸውን የሚሰበሰቡበትም አዘጋጀን፣ መምህርቷ ትመራዋለች። ሦስተኛው ትልቁ ነው። ዋናው ተናጋሪ ሲስተሙ የተጠገነላቸው ሰዎች ሆኑ። እማማ ሳይቀሩ «እኔ ኮንትሮለሩን አውልቄው ነበር፣ አታውልቁት» ብለው አስረዱ። ይህን ከኛ አፍ ቢሰሙት ያን ያህል አይገባም ነበር።

ከሴቶቹ ስብሰባ አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ መጣ። ሁለተኛው አምፖል ግድግዳ ላይ ከሚቀር ተንቀሳቃሽ ይሁንልን፣ ማታ ወደ ውጭ ስንወጣ የምንይዘው። ልጆቻቸውን ይዘው በጨለማ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ቴክኒካል ቡድኑ ይህን አላሰበውም። ወንዶቹም አላነሱትም። የሁለተኛው ዙር ዕቃ ገና አልታዘዘም ነበርና ጥያቄው ወደ ግዢ ክፍል ሄደ። በሁለተኛው ዙር አንዱ አምፖል የራሱ ባትሪ ያለው ሆኖ ይመጣል።

የመጀመሪያው ዙር ግን አለፈው። ዕቃው ከተገዛ በኋላ ነበር ሕዝቡ የተጠየቀው። በ1998 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ የተፈረመው የኦርሁስ ስምምነት ሕዝብ መሳተፍ ያለበት ገና ምርጫው ሁሉ ክፍት ሳለ፣ ቀደም ብሎ ነው ይላል። ከኮፐንሃገን ወጣ ብሎ ባሕር ላይ ያለው የሚድልግሩንደን የንፋስ ማመንጫ ይህን በሥራ አሳይቷል። መጀመሪያ የታቀደው 27 ተርባይን በሦስት ረድፍ ነበር። ሕዝቡ አስተያየቱን ሰጠ። ዕቅዱ ተቀይሮ 20 ተርባይን እንደ ቀስት በጎበጠ አንድ መስመር ቆመ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ግማሹ ከ8000 በላይ አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ሆነ። የኛ ነገር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው፣ ሰው የሚጠየቀው መቼ ነው?

ቅጹና ውሉ

ቅጹ ረጅም ነው፣ ቋንቋው የሕግ ነው። ቢሮው እንዲያሳጥረው ጠየቅን፣ ከፊሉ ሊቀየር አልቻለም። ስለዚህ ውሉን ጮክ ብለን ማንበብ ጀመርን፣ አንቀጽ በአንቀጽ። በስልክም ቀድተን በድምፅ መልእክት ላክነው። ሰዉ ቤቱ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር ይሰማዋል። ከበራሪ ወረቀቱ የበለጠ የተዳረሰው ይህ ቅጂ ነው፣ ዋጋውም ምንም ያህል አይደለም።

«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ተውን። ሁሉም «አዎ» ይላል። መምህርቷ ሌላ መንገድ አመጣች። «ለጎረቤትሽ ንገሪያት ብትባዪ ምን ትያታለሽ?» ያኔ ያልገባው ወዲያው ይወጣል። የሚሳተው አንድ ቦታ ነበር፦ ክፍያ ሲቋረጥ የሚሆነው። ውሉ የሚለው ሲስተሙ ይነቀላል ነው። ብዙዎች የተረዱት ግን ቤታቸው እንደሚያዝ ነው። «ቤት በመያዣነት አይያዝም» የሚለው መስመር በትልቅ ፊደል ከፊርማው በላይ እንዲገባ አደረግን። ከዚህ በኋላ ምዝገባው ሲፈጥን በግልጽ ታየ።

ተከራዮች

ቅጹ የቤት ባለቤትነት ማስረጃ ይጠይቃል። ተከራይ እዚያው ላይ ይቆማል። ባለቤቶቹን ስናነጋግር ሥጋታቸው ሁለት ነው፦ ጣሪያው መበሳቱና ተከራዩ «ንብረት አለኝ» ብሎ መክረሙ።

የመጀመሪያውን ኤሌክትሪሺያናችን ፈታው። ፓነሉን ጣሪያ ከመምታት ይልቅ መሬት ላይ በሚቆም የብረት ምሰሶ አደረገው፣ ፀሐይ ባለበት ግቢ። ብረቱ ወጪ ይጨምራል። ሲለቁ ግን ተነቅሎ አብሮ ይሄዳል። ምሰሶው ስርቆትን ስለሚያቀል ብሎኖቹን በልዩ ቁልፍ ብቻ በሚፈታ ዓይነት ቀየርን። ለሁለተኛው ሥጋት የአንድ ገጽ ስምምነት አዘጋጀን፦ ሲስተሙ የተከራዩ ነው፣ ቤቱ ላይ መብት አይሰጥም፣ ሲለቅ ይወስደዋል። ቢሮው ከማስረጃው ይልቅ ይህን ወረቀት መቀበል ጀመረ። ግቢያቸው ፀሐይ የማያገኝ ተከራዮች ግን አሁንም አልተፈታላቸውም።

ቴክኒሻኖቹ

ከሰፈሩ ወጣቶችና እናቶችን መርጠን ማሠልጠን ጀመርን። እናቶች የተካተቱበት ምክንያት ቀላል ነው። ቀን ቤት የሚገኙት ሴቶች ናቸው፣ ሌላ ሴት ስትመጣ በር ቶሎ ይከፈታል። «ማንበብ የማይችል ሰው ይህን አይችልም» የሚል ተቃውሞ ገጠመን። በሕንድ ራጃስታን ቲሎኒያ ያለው ቤርፉት ኮሌጅ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ የገጠር ሴቶችን በቀለምና በምልክት እያስተማረ የሶላር ባለሙያ ያደርጋል። ከብዙ አገር የመጡ ሴቶች እዚያ ሠልጥነዋል። ይህን ስናሳይ ክርክሩ አበቃ።

እኛም የመልቲሜትሩን ቁጥሮች በቀለም ከፈልናቸው። አረንጓዴ ደህና፣ ቢጫ ጭነት ቀንሱ፣ ቀይ ባለሙያ ጥሩ። ክፍያቸው በጉብኝት ነው። በነፃ እንዲሠሩ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፣ አልተስማማሁም። መተዳደሪያ የሌለው ሰው ሥራውን ቢተው አይፈረድበትም። ያኔ ሰፈሩ ባለሙያ ያጣል።

ከተከላ በኋላ

አንድ የስልክ ቁጥር ለሁሉም ሰጠን፣ ኮንትሮለሩ ላይ ተለጥፏል። የሚያነሳው ሰው ሲስተሙን በእጁ የሚያውቅ ነው።

የሚበዛው ጥሪ «ማታ ቶሎ ይጠፋል» ነው። ሦስት ምክንያት አገኘን። አቧራ፣ ጥላና የጎረቤት ስልክ። ሦስተኛው አስገረመኝ። መብራት ያለው ቤት የጎረቤቱን ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። አምስት ስልክ በቀን 75 ዋት ሰዓት ነው፣ ከሁለቱም አምፖል በላይ። ክልክል ነው ለማለት ያሰቡ ነበሩ። እኔ ይህን የፍላጎት መረጃ አድርጌ ነው የወሰድኩት። እነዚህን ቤቶች ለይተን ከፍ ያለ ፓነል እንዲጠይቁ እየረዳን ነው። ጎረቤቶቻቸው ደግሞ የሚቀጥሉት ተመዝጋቢዎች ናቸው።

ዝናብ ሲጀምር ጥሪው ጨመረ። ይህን ስለጠበቅነው ቀድመን የድምፅ መልእክት ልከን ነበር፦ መብራቱ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል፣ ብልሽት አይደለም፣ ኮንትሮለሩን አትንኩት። የተነቀለ ኮንትሮለር እስካሁን አላጋጠመንም።

ሒሳብ

ኅትመት ከወጪያችን ትንሹ ሆኗል። ትልቁ ትራንስፖርትና የቴክኒሻኖቹ ክፍያ ነው። ቀጥሎ የጥገና ዕቃና ስልክ። ማሳያ ሳጥኑ አንድ ጊዜ ወጥቶበት ብዙ ቦታ ስለሚሄድ ርካሽ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቢሮው ለሚቀጥለው ዓመት ለሕዝብ ግንኙነትና ለክትትል ቋሚ የበጀት መስመር እንዲይዝ ጠይቀናል። ከጥያቄው ጋር ያያዝነው የሞቱትን ባትሪዎች ዝርዝር ነው። የእያንዳንዱ ባትሪ ዋጋና ለአንድ ቤት የተደረገው ክትትል ወጪ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ውሳኔው ገና አልመጣም።

ቀጣይ

የሞቱት ሊድ አሲድ ባትሪዎች ግቢ ውስጥ ተከማችተዋል። ሊድ መርዝ ነው፣ በተለይ ለልጆች። አሲዱ ያቃጥላል። አንዳንዱ ቤት ሊድ አቅልጦ ለመሸጥ እየከፈታቸው እንደሆነ ሰምተናል። ስለዚህ የጤና ባለሙያችን የሚቀጥለውን ዙር ስብሰባ በዚህ ላይ ትጀምራለች። አሮጌ ባትሪ ለሚያመጣ ቤት ከወርኃዊ ክፍያው ላይ እንዲቀነስለት ለቢሮው ሐሳብ አቅርበናል። ማከማቻው የት እንደሚሆን፣ ማን ወደ ትክክለኛ ማቅለጫ እንደሚወስደው መጀመሪያ ሰፈሩን እንጠይቃለን። ደብተሩ ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው ዙር ዕቃ ከመድረሱ በፊት ይህን መጨረስ አለብን።